የጆንያው አፍ እርጥብ ነበር

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት «ውሃ አምጡ» እያለ ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም መኖሩስ አለ፤ ግን እሱን የሚያነሳው ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ሲናደድ። ቅጽል ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። ከጎረቤት አጥር በላይ ጭስ ብቅ ካለ ትጮኻለች። መንገድ ላይ ሲጋራውን ሳያጠፋ የጣለ ሰው ካየች ተመልሳ ትረግጠዋለች፣ ረግጣም አታምነው፣ ትተፋበታለች። ሰው ቤት ሄዳ ምድጃ አጠገብ ካስቀመጧት ቀሚሷን ሰብስባ ጥጓን ትይዛለች። አንድ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣራ ቀልቶ አይታ ሰፈርተኛውን ሁሉ ባልዲ አስይዛ አስወጥታለች። ያን ዕለት የሳቀ ሰው እስከ ዛሬ ሲያስታውሰው ሆዱን ይይዛል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ልጅ ሳለች የአክስቷ ቤት ሲቃጠል ቆማ አይታለች። የሚገርመው፣ ነበልባሉ ብዙም ትዝ አይላትም። የማይረሳት ሰው ሁሉ በባዶ እጁ ወዲያ ወዲህ እየተራወጠ «ውሃ አምጡ! ውሃ አምጡ!» ሲል የነበረው ነው። ሁሉም አምጡ ባይ ሆኖ አምጪ ጠፋ። አክስቷ ከዚያ ቤት አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ባዶ በርሜል ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ተድራ ስትመጣም ከባሏ መጀመሪያ የጠየቀችው አልጋ አልነበረም፣ በርሜል ነበር። ባሏ ይህን ለሰው ማውራት ደስ ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልደኛ ነው፣ የቀልደኛ ባል ደግሞ ሚስቱ መቀለጃው ናት።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት በስተእርጅና እሳት አንዳጅ የሆነችው። ፈጣሪ ሲቀልድ እንዲህ ነው።

እርሻቸው ከቤቱ ጀርባ ተዳፋቱ ላይ ነው። አፈሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ ዝናብ ሲመታው እየጠጠረ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እየተሰነጠቀ መጥቷል። ማዳበሪያ ሲበተንበት የመጀመሪያው ጎርፍ ጠራርጎ ለታችኛው ጎረቤት ያስረክበዋል። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ይሆናል። ባሏ «መሬቱ አርጅቷል፣ እንደኛው» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷ፣ ባሏና የባሏ እናት ናቸው። ሦስቱም የሚበሉት ከዚያው ተዳፋት ነው።

የግብርና ባለሙያዋ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ገበሬውን ሰብስባ ባዮቻር ስለሚባል ነገር አስተማረች። አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የበቆሎ ቆረቆንዳና አገዳ ይሞላበታል፤ እሳቱ ከላይ ይለኮሳል። ላዩ ነጣ ማለት ሲጀምር ሌላ ይደረብበታል። መጨረሻ ላይ አመድ ሳይሆን፣ ከሰል እንዳለ፣ በብዙ ውሃ ይጠፋል። ያ ከሰል ተደቁሶ አፈር ውስጥ ሲገባ ውሃውንም ምግቡንም ይዞ ለሥሩ ያቆያል፣ ጎርፍ እንዳሻው አይወስድበትም።

«ጥሬውን ግን እንዳትጨምሩት» አለች ባለሙያዋ። «የተራበ ነው፣ የሰብሉን ድርሻ ይቀማል። መጀመሪያ ከፍግ ጋር ቀላቅላችሁ አሰንብቱት፣ ይጥገብ።»

ከዚያ እሳቱ አልቆ ማጥፊያው ሰዓት ሲደርስ «ውሃ ያዘጋጀ አለ?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ ዞረ። ውሃ አምጡ በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ይዛ፣ ለሽሽት እንደተዘጋጀች ቆማለች። የሳቁ ብዛት! ግን ያን ቀን ውሃ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች፤ የባለሙያዋ ከሰል አመድ ሳይሆን የተረፈው በእሷ ባልዲ ነው።

እንዲህ ሆና ገባችበት። ፍርሃቷ ለቀቃት እንዳትሉ። ጉድጓዱ በተለኮሰ ቁጥር ሁለት ባልዲ ውሃ አጠገቧ ታቆማለች። ረጅም እንጨት ይዛ ከሩቅ ትነካካለች፤ ዓይኗን ግን ለአፍታ አትነቅልም፤ ስለዚህ ከሰፈሩ ሁሉ አመድ የማይበዛበት የእሷ ጉድጓድ ነው። ሲያበቃ ጉድጓዱ ኩሬ እስኪሆን ውሃ ትደፋበታለች። በማግስቱ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ትዳስሳለች፤ ለብ ካላት እንደገና ትደፋለች። «ሰጥሞ ሞተ እኮ፣ አሁን ደግሞ ቅበሪው» ይላታል ባሏ። እሷ ሌላ ባልዲ ትቀዳለች። ባለፈው ዓመት የእርሻው አጋማሽ ላይ ሞከሩት። ከሰል የጠጣው ወገን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲቆም ሌላው እንደ ልማዱ ቢጫ ሆነ፤ ባሏ እንኳ ቀልዱን ትቶ ቆሞ ተመለከተው። ስለዚህ ዘንድሮ ለመላው እርሻ ነው የተነሱት።

የመጨረሻውን ጉድጓድ ያነደደው ባሏ ብቻውን ነው። እሷ ጥርሷ አላስቀምጥ ብሏት ልታስነቅል ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። የበርሜሉ ውሃ ለቀደሙት ጉድጓዶች ወጥቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ጉንጯ አብጦ፣ አፏን በጨርቅ ይዛ ስትመለስ ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ፣ አፉ ታስሮ፣ ደጅ ተደርድሮ አገኘችው። ሰማዩ ጠቁሯል።

«በውሃ ነው ያጠፋኸው?» አለች፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

«እንዴታ! በምን ላጥፋው ታዲያ፣ በእንባ?»

አላመነችውም። የእያንዳንዱን ጆንያ አፍ ፈትታ እጇን ከተተች። እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ ነው። አሸተተች፤ ጭስ የለም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ እፎይ አለች። ባሏ ጥርሱን እየፋቀ ሲያያት ነበር። «ተፈተሸ? አለፍን?» አለ፤ እሷም ባበጠ ጉንጯ ሳቀች።

ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግባታል።

ደጅ ካደረ ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋልና፣ የቀረው ጥያቄ ጆንያው የት ይግባ የሚለው ነበር። ፍጉ ገና ከከብት አርቢው ጎረቤት አልመጣም፤ ዕቃ ቤቱ ያፈሳል። ባሏ «ማድቤት እናስገባው፣ ደረቅ ነው» አለ።

«ማድቤት? ምድጃው አጠገብ? ከሰል? አብደሃል?»

«እህ፣ የት ይሁን ታዲያ? ራስጌሽ?»

አሰበች። ከቤቱ ሁሉ እሳት ገብቶበት የማያውቅ አንድ ክፍል ብቻ አለ፤ የአማቷ ክፍል። እዚያ ክብሪት እንዳይጫር የከለከለችው ራሷ ናት፤ ሻማ እንኳ አታስገባም። አማቷ እግራቸው ከተያዘ ቆይቷል፣ በራሳቸው ተነስተው መሮጥ አይችሉም። ይህን እያሰበች ስንት ቀን በላብ ተነክራ ነቅታለች። ስለዚህ ከዚያ ክፍል የበለጠ የተጠበቀ ቦታ አልታያትም። «እማማ፣ ትንሽ ጊዜ ጆንያ ላስቀምጥብዎት?» ብትላቸው አማቷ «አስገቢው ልጄ፣ ጎረቤት ይሆነኛል» አሉ። ጆንያዎቹ ከአልጋቸው ግርጌ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ዶፉ ሲጀምር ትንሿን መስኮት ዘጋች፤ ስንጥቋንም በጨርቅ ወተፈችላቸው፣ ብርድ እንዳይገባ።

ዝናቡ ሳያቋርጥ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትገባ አማቷ ፊታቸው ፈክቶ፣ ጉንጫቸው ቀላ ብሎ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ይህ ክፍል ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተመቸኝ? ጉልበቴ ስንት ዘመን ሲቀረጥፈኝ አድሮ ዛሬ አስተኛኝ።»

«ተመስገን በሉ እማማ።»

«ራሴን ብቻ ከበድ ይለኛል።»

«ዝናቡ ነው። እኔንም ይጫጫነኛል።»

እውነቷን ነው፣ እዚያ ቁጭ ብላ ቁርስ ስታጎርሳቸው ማዛጋት ጀምሯት ነበር። ቤቱ ደስ ይላል። አማቷ ሁለቴ ጎርሰው በቃኝ አሉ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ድረስ ስባላቸው በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። አማቷ ደህና ስለተኙላት ደስ ብሏት፣ ኮቴዋን እንኳ አጥፍታ ነበር የወጣችው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ባሏ ከሰፈር ሰዎች ጋር የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሊቆፍር አካፋውን ይዞ ወጣ። እሷ ማድቤት ገብታ ድስት ጣደች። ማማሰያውን ልታነሳ ጎንበስ ስትል እንደ ልማዷ ግራ እጇን ወደ ምድጃው ጥግ ሰደደች። ድመቷ ዘወትር እዚያ ትተኛለች፣ ጭራዋን እሳቱ አፍ ላይ ጥላ፤ ውሃ አምጡ ደግሞ ዘወትር ትጎትታታለች። እጇ ባዶ መሬት ነካ።

ድመቷ የለችም።

ቆም አለች። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ብርድ፣ ድመት ምድጃ ትታ የት ትሄዳለች? ጠዋት የት ነበር ያየቻት? አማቷ ክፍል። ጆንያው ላይ ተጠቅልላ። ያኔ «ደግሞ ጌጥ ሆንሽ» ብላ አልፋታለች። ድመት ሙቀት ትታ የምትሄደው ሌላ ሙቀት ካገኘች ነው። ይህን ስታስብ ሌላው ነገር ሁሉ ተከትሎ መጣ፤ አማቷን ያስተኛቸው ጉልበት፣ የቀላው ጉንጫቸው፣ ደስ የሚለው ቤት። ያ ክፍል በክረምት ግድግዳው የሚያላብ፣ ብርድ የሚያንዘፈዝፍበት ክፍል ነው። እሳት የለበትም። ታዲያ ማን አሞቀው?

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። በግቢው ጭቃ ውስጥ ሮጠች። ከበሩ ፊት ስትደርስ ግን ቆመች። ጭስ የለም። በበሩ ሥርም፣ በጣራውም፣ በመስኮቱም የሚወጣ ነገር የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ ጭስ ፈልጊ። አሁን ጭስ የለም፣ የሚንጣጣም የለም፣ ፀጥ ያለ በር ብቻ ነው። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ነበልባል ብታይ ቢያንስ ወዴት እንደምትሸሽ ታውቅ ነበር። «ሞኝ አትሁኚ፣ ዛሬም ሊስቁብሽ ነው» የሚል ድምፅ ሆዷ ውስጥ መጣ። ያን ድምፅ አዳምጣ ስንት ትንፋሽ እንደቆመች እግዜር ይወቅ። ለዚያች ቆይታ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም።

ከፈተችው። ሙቀቱ ፊቷን ዳሰሳት፤ የታጠበ ልብስ ሲተኮስ እንደሚሸት ያለ ነገር አለው። ድመቷ ጆንያው ላይ ናት። «ውረጂ!» አለቻት። አልሰማቻትም። ስትገፋት እንደ ጨርቅ ተንሸራታ መሬት ላይ ወደቀች፣ አልተነሳችም።

የጆንያውን አፍ ነካችው፤ አሁንም እርጥብ ነው። እጇን ወደ ሆዱ አወረደችው። ተቃጠለች። ጆንያው ከታች ጠቁሮ ሳስቶ ነበርና ስትነካው ተቀደደ፤ በቀዳዳው ነፋስ ሲገባ ውስጡ ቀስ ብሎ ቀላ። እሳቱ አያት፣ እሷም አየችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እነሆ አልጋ ግርጌ ድረስ መጣ፣ ያመጣችውም እሷ ናት።

«ውሃ አምጡ!»

መስኮቱን ገንጥላ ነው የጮኸችው። ከተዳፋቱ ላይ ቦይ ቆፋሪዎቹ ቀና አሉ። ለዚህ ጩኸት መልሱ የታወቀ ነው፣ ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል። «እሺ! መጣን!» አሉ በአንድ ድምፅ፣ ሳቁም ተከተለ። አንዱ አካፋውን እንደ ባልዲ አንጠልጥሎ በአየር ላይ ውሃ ደፋ። ከመሃላቸው ግን አንድ ሰው አልሳቀም። አካፋውን ጥሎ ቁልቁለቱን መሮጥ ጀመረ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ባሏ ነው።

ቆማ አልጠበቀችውም። «እማማ! እማማ፣ ይነሱ!» አማቷ አፋቸው ተከፍቷል፣ ጉንጫቸው እንደ ጠዋቱ ቀልቷል፣ አይመልሱም። ስታነሳቸው ከበዷት፤ ከሲታ ሴት እንደዚያ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም። ክፍሉ ይዞርባታል። የአልጋውን ብርድ ልብስ ከነእሳቸው ጎትታ መሬት አወረደችውና ወደ ኋላ እየሄደች ሳበች። የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ወደቀች። ዓይኗ ጨለመ። የአክስቷ ቤት ትዝ አላት፤ ሰው ሁሉ «አምጡ» ሲል። ተንበርክካ እንደገና ሳበች። ያኔ ሁለት ጭቃ የነካቸው እጆች ከጀርባዋ መጥተው ብርድ ልብሱን ያዙ።

ባሏ እናቱን ደጅ ካፊያው ላይ አስተኛ። ውሃ አምጡ ተመለሰች። በርሜሉ ጣራው ጠርዝ ሥር ነበረና ዝናቡ አፉ ድረስ ሞልቶታል። ተከትለው የመጡት ሰዎች ደጁ ላይ ሲደርሱ ጆንያ ስትጎትት አገኟት፤ ጆንያው መሃላቸው ፈረሰና ቀይ ሆዱ ጭቃው ላይ ተዘረገፈ። ሳቃቸው እዚያው ደረቀ። ባልዲ ተሻሙ።

አማቷ ብዙ ቆይተው ነው የሳሉት። ምራቃቸውን ዋጡ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ከላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ተመለከቱ። «ምነው እንዲህ ደህና ተኝቼ ብርድ ላይ አወጣችሁኝ?» አሉ በቁጣ። ባሏ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ነርሷ አየቻቸው። የታፈነ ከሰል ጭስ ሳይኖረው የሚመርዝ አየር እንደሚያወጣ ነገረቻቸው። «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ» ብላ ቀሪውን ዋጠችው።

እዚያው በረንዳ ላይ፣ አማቷ ውስጥ ተኝተው ሳለ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የተቃጠለ እጇ በጨርቅ ታስሯል።

«ሌላው ሁሉ ሲስቅ አንተ ሮጥክ» አለችው። «አመንከኝ ማለት ነው?»

የታሰረ እጇን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አይደለም» አለ። «አላመንኩሽም። ያደረግኩት ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ምን አደረግክ?»

«ውሃው አልበቃም። አፈር አለበስኩት። ጭሱ ጠፋ፣ ላዩ ቀዘቀዘ፣ ሞተ አልኩ። አንድ ጆግ ውሃ ነበረች... እሷን የጆንያዎቹ አፍ ላይ ረጨኋት። መጥተሽ እጅሽን እንደምትከቺ አውቃለሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ጥርስሽም አሞሻል ብዬ።»

እሳት ማዳፈን ማጥፋት እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? ሰው እሳቱን ለነገ ሲያቆይ አይደል የሚያዳፍነው? ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ነገር ግን ፊቱን ስታይ የቀልደኛው ሰውዬ ምልክት እንኳ አልነበረበትም፤ እሷ በመስተዋት የምታውቀው ፊት ነበር፣ የፈሪ ፊት።

«እዚያ ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

ከሰሉን አልጣሉትም። ኩሬ ውስጥ አሰንብተው፣ ከፍግ ቀላቅለው፣ ጊዜው ሲደርስ ለመሬቱ ሰጡት። ዘንድሮ ተዳፋቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር አረንጓዴ ነው። በሰፈሩ ማንም ሰው እሷ ሳትመጣ የከሰል ጆንያ አያስርም፤ እሷም አፉን መንካት ትታለች፣ መሬት ላይ አስገልብጣ የሆዱን ከሰል ነው የምትዳስሰው። ቅጽል ስሟ አልተለወጠም። ግን ስትጮህ «እሺ መጣን» የሚል የለም፤ ዝም ብለው ይመጣሉ፣ ባልዲ ይዘው፣ በጀምበር ለቀላ ቆርቆሮም ቢሆን።

ፍርሃቷ አልቀለላትም። ጭስ የሌለው እሳት እንዳለ ካወቀች ወዲህ ጭስ አለማየት ራሱ ያስፈራታል። ጎህ ሲቀድ ከአልጋዋ ወርዳ አማቷ በር ላይ ትቆማለች፣ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ ትንፋሽ ታዳምጣለች። ትንፋሹን ካልሰማች መሄድ አትችልም። ባሏ እንዳይነቃ በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው፤ እንዳይስቅባት።

አንድ ጠዋት ስትነቃ ከጎኗ የለም። በባዶ እግሯ ወጣች። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ እስትንፋሱን ይዞ ቆሟል። አያት። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። እሷም ጆሮዋን ከጎኑ ለጠፈች። ሁለቱም ሲያዳምጡ ከውስጥ ሳል ተሰማ።

«አለሁ፤ ሁለታችሁም ሂዱና ተኙ» አሉ አማቷ።